ሆዷ ሳይገፋ ደሟ ይታይ

በአገራችን ሴት መፀነሷን ቶሎ አትናገርም። ባል ያውቃል፣ እናት ትጠረጥራለች፣ ጎረቤትና ዘመድ የሚሰማው ግን ሆድ ሲገፋ ነው። ምክንያቱ እንደየሰው ነው። ዓይን የምትፈራ አለች። «ቢወርድስ? ሰው ምን ይለኛል?» ብላ የምትጨነቅ አለች። ቀደም ሲል ወርዶባት ልቧ የተሰበረም አለች። ይህን ልማድ ለመንቀፍ አልተነሣሁም። ምስጢሩ ከጎረቤት ቢደበቅ የሚጎዳ ሰው የለም። ከጤና ጣቢያ ሲደበቅ ግን እናቲቱም ገና ስም ያልወጣለት ልጅም ሊጎዱ ይችላሉ።

ውድ ወላጆች፣ ውድ አያቶች፣ ዛሬ የማወጋችሁ ስለ አንድ ትንሽ ምርመራ ነው፤ በእርግዝና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ስለሚደረገው የደም ማነስና የብረት እጥረት ምርመራ። ለነፍሰ ጡሯ ትቼ ለእናንተ የምጽፈው ያለ ምክንያት አይደለም። ከሠላሳ ዓመት በላይ በነርስነት ስሠራ፣ በተለይ የመጀመሪያ እርግዝና የሆነባት ልጅ በራሷ ቀን ቆርጣ ስትመጣ ያየሁት ጥቂት ጊዜ ነው። ወይ እናቷ ይዛት ትመጣለች፣ ወይ አማቷ «ሂጂ» ብላታለች፣ ወይ ባሏ የታክሲውን ሰጥቷታል። እናንተ «ገና ነው፣ ምን ያስቸኩላል?» ካላችሁ እሷም አትቸኩልም።

በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከመቶ ነፍሰ ጡሮች 29ኙ ደም ማነስ ነበረባቸው። ከቦታ ቦታ ልዩነቱ ሰፊ ነው፤ ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች በአዲስ አበባ ደም ማነስ የተገኘባቸው 16 ከመቶ ሲሆኑ በሶማሌ ክልል ከግማሽ በላይ ናቸው። በዚያው ጥናት፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ውስጥ ክትትል የጀመረችው ከአምስት እናቶች አንዷ ብቻ ነበረች። ችግሩ ብዙ ሰው ቤት አለ፣ የሚታወቀው ግን ዘግይቶ ነው ማለት ነው።

መዘግየቱ ምን እንደሚያደርግ በሒሳብ ላሳያችሁ። አንዲት እናት በሰባተኛ ወሯ መጣች እንበል፤ ሄሞግሎቢኗ ሲለካ 8 ሆነ። የብረት ክኒን ይሰጣታል። ሳታቋርጥ ብትወስደው፣ ሰውነቷም በደንብ ቢቀበለው፣ በወር የሚጨምርላት አንድ ወይም ሁለት ነው። ልጁ ደግሞ ከእናቱ ብረት አብዝቶ የሚወስደው በእነዚሁ የመጨረሻ ወራት ነው። እሷ ልትሞላ ስትል እሱ ይቀዳል። ከዚያ ምጥ ይመጣል። ስትወልድ ደም የማይፈሳት ሴት የለችም፤ ደሟ የተሟላ እናት ግማሽ ሊትር ያህል ቢፈሳት አብዛኛውን ጊዜ ትቋቋመዋለች። በ8 የገባችው ግን ያው ግማሽ ሊትር ሊጥላት ይችላል። ይህችው እናት በሁለተኛ ወሯ መጥታ ቢሆን ኖሮ ለመሙላት ስድስት ወር በላይ ነበራት። የሚሰጣት ክኒን ያው ነው፤ ልዩነቱ ጊዜው ነው።

«እኛ ሰባት ስንወልድ ማን ደማችንን ለካው?» ይሉኛል ከእኔ ከፍ ያሉ እናቶች። እማማ፣ እውነት ነው፣ የለካ አልነበረም። ግን ይህን የሚሉኝ ወልደው የተነሡት ናቸው፤ አራስ ቤት የቀሩት ምን እንደሚሉ አንሰማም። ከእናንተ መካከል «ደም ፈሷት ሞተች» የተባለች አክስት ወይም ጎረቤት የማታስታውሱ ስንት ናችሁ? በ1992 ዓ.ም. ጥናት ከመቶ ሺህ ወሊድ 871 እናቶች ይሞቱ ነበር። በ2008ቱ ጥናት ወደ 412 ወርዷል። አሁንም ከገዳዮቹ ዋናው ደም መፍሰስ ነው፤ ደም አንሷት ምጥ የገባች ሴት ደግሞ ለዚህ ገዳይ ቀድማ የተዳከመች ናት።

ጎተራና ሌማት

ብዙ ሰው ደም ማነስና የብረት እጥረት አንድ ይመስሉታል። አይደሉም። የገጠር ቤት አስቡ። ሌማቱ ላይ እንጀራ አለ፣ ጎተራው ውስጥ እህል አለ። እንግዳ የሚያየው ሌማቱን ነው። ጎተራው እየጎደለ ሌማቱ ለጊዜው ሙሉ ሆኖ ሊታይ ይችላል፤ የቤቱን ነገር የምታውቀው ጎተራውን ከፍታ የምታየው ባለቤቷ ናት። በሰውነታችን ሌማቱ ሄሞግሎቢን ነው፤ ቀዩ ደም ኦክስጅን የሚሸከምበት፣ ብረት ያለበት ንጥረ ነገር። ጎተራው በጉበት፣ በመቅኒና በጣፊያ የተቀመጠው ብረት ነው። የጎተራው ልክ የሚታወቀው ፌሪቲን በሚባል የደም ምርመራ ነው።

ብረት ሲያጥር መጀመሪያ የሚራቆተው ጎተራው ነው። ሄሞግሎቢን የሚወርደው ኋላ፣ ከጎተራው የሚቀዳ ሲጠፋ ነው። ስለዚህ አንዲት ሴት ሄሞግሎቢኗ 12 ሆኖ፣ «ደምሽ ደህና ነው» ተብላ ወደ ቤቷ ስትመለስ ጎተራዋ ግን ባዶ ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያው ጀምሮ ይደክማታል፣ እንቅልፍ አይጠግባትም፣ ደረጃ ስትወጣ ልቧ ይመታል። ቤተሰቡም «እርግዝና ነው» ብሎ ያልፈዋል። እርግዝናው እየገፋ ሲሄድ የሄሞግሎቢኑ ቁጥር ይወርዳል፤ ያኔ ሁሉም ይደነግጣል።

አንድ እርግዝና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚፈልገው ብረት ወደ 1,000 ሚሊ ግራም፣ ማለትም አንድ ግራም ገደማ ነው። ሢሶው ያህል ለልጁና ለእንግዴ ልጁ ይሄዳል። ግማሹ ገደማ እናቲቱ የራሷን ደም ለማብዛት የምትጠቀምበት ነው። የቀረው በየቀኑ ከሰውነት የሚወጣውን ይተካል። ብዙ ሴቶች ወደ እርግዝና ሲገቡ በጎተራቸው የያዙት ከ300 ሚሊ ግራም አይበልጥም፤ ወር አበባዋ የሚበዛባት፣ ልጅ ጡት ሳይጥል የደገመች፣ ገና ራሷ ያላደገች ልጅ ደግሞ ከዚህም በታች ይዛ ትገባለች።

ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት የማደላበት ሌላም ምክንያት አለኝ። እርግዝናው ሲገፋ የሰውነት ደም ይበዛል፤ ግን ውሃው ክፍል የሚጨምረው በግማሽ ያህል ሲሆን ቀዩ ክፍል የሚጨምረው ከዚያ ባነሰ ነው። ወጥ ላይ ውሃ ሲጨመርበት እንደሚቀጥነው ማለት ነው። በአምስተኛው ወር የተለካ ሄሞግሎቢን ዝቅ ሲል፣ ወጡ ስለቀጠነ ይሁን በርበሬው ስላነሰ ለመለየት ያስቸግራል። ገና ሳይቀጥን የተለካው ቁጥር ግን ጥርት ያለ መነሻ ነው፤ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከእሱ ጋር ይተያያል።

ጣቷ ሲወጋ ምን ይታያል?

ድሮ የዓይን ቆብ ገልጠን፣ መዳፍ ዘርግተን ነበር የምናየው። አሁንም ይታያል፤ ይጠቅማልም። የነጣ የዓይን ቆብ ከባዱን ደም ማነስ ይናገራል፤ ቀላሉንና መካከለኛውን ግን አሳልፎ ይለቃል። ስለዚህ «ዓይኗን አይተውላት ደህና ናት አሉ» የሚለው አይበቃም።

በጤና ጣቢያ ጣት ተወግቶ ሄሞግሎቢን ይለካል፣ ወይም በቀጭን መስታወት ደሙ ተሽከርክሮ ሄማቶክሪት ይታያል። በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሄሞግሎቢኗ ከ11 በታች የሆነ ነፍሰ ጡር ደም አንሷታል። በሄማቶክሪት ሲታይ ወደ 33 ይጠጋል። ላብራቶሪው ማሽን ካለው ሲቢሲ የሚባለው ሙሉ የደም ቆጠራ ይሻላል፤ የቀይ ደም ሕዋሳቱን መጠንም ስለሚናገር። ሕዋሳቱ ከወትሮው ካነሱ ብረት የማጠሩ ጥርጣሬ ይጠነክራል።

ፌሪቲን በሁሉም ቦታ አይገኝም። በትልልቅ ሆስፒታሎችና በከተማ ባሉ የግል ላብራቶሪዎች ነው የሚሠራው፤ ገንዘብም ይጠይቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በእርግዝና መጀመሪያ ከ15 በታች የሆነውን እጥረት ይለዋል፤ ከ30 በታች ሲሆን ማከም የሚጀምሩ ሐኪሞች ብዙ ናቸው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፦ ሰውነት ውስጥ ኢንፌክሽን ካለ ፌሪቲን ያለ ልኩ ከፍ ብሎ ይታያል። ትኩሳት ላይ ሆና የተለካላት ቁጥር ጎተራው ሙሉ ነው አያሰኝም።

ለሁሉም ነፍሰ ጡር ፌሪቲን ይታዘዝ ብዬ አልከራከርም። ሄሞግሎቢን ግን ለሁሉም፣ ያለ ልዩነት። ፌሪቲን አቅም ላለው ቤተሰብና ጎተራዋ ለሚያጠራጥር ሴት ነው፤ ልጆቿ የተቀራረቡባት፣ ባለፈው እርግዝና ደም አንሷት የነበረች፣ ወር አበባዋ ብዙ የነበረ፣ መንታ የያዘች፣ ሥጋና እንቁላል ለረጅም ጊዜ ያልቀመሰች። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናገር። ወንድ ነው ሴት ለማለት ብቻ ሁለትና ሦስት ጊዜ አልትራሳውንድ የሚከፍሉ ቤተሰቦች አውቃለሁ። ከዚያ የአንዱን ዋጋ ለፌሪቲን ቢያውሉት ይሻላቸው ነበር።

ከፍታም የራሱ ጉዳይ አለው። ከፍ ባለ ቦታ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ሄሞግሎቢን ያበዛል። ስለዚህ የዓለም ጤና ድርጅት በደጋ ለሚኖር ሰው ከቁጥሩ ተቀንሶ እንዲታይ ይመክራል፤ በቀድሞው ሰንጠረዥ በ2,000 ሜትር 0.8 ይቀነስ ነበር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። በዚህ ስሌት አዲስ አበባ ላይ 11.3 የወጣላት ሴት አልፋለች ማለት አይቻልም። ነገሩ በእኛ አገር ያን ያህል ቀጥተኛ እንዳልሆነ ግን ልጨምር፤ አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢል ከባልደረቦቻቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት፣ በሰሜን ተራሮች ከ3,500 ሜትር በላይ የሚኖሩ ወገኖቻችን ሄሞግሎቢን በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው ብዙም የተለየ ሆኖ አልተገኘም። ለቤተሰብ የሚሆነው ምክር ቀላል ነው፦ ቁጥሩ ድንበሩ አካባቢ ከሆነ «ደህና ናት» ብላችሁ አትዝጉት፤ «ከአንድ ወር በኋላ ይደገምላት?» ብላችሁ ጠይቁ።

አፈር ያማራት እንደሆነ

አምሮት ደስ የሚል ነገር ነው። አንዷ ብርቱካን ያምራታል፣ አንዷ የጎረቤት ቤት ሽሮ። ቤተሰቡም ይስቃል፣ ያመጣላታልም። የግድግዳ ምርጊት ቆርሳ የምትበላ፣ ዝናብ የመታው አፈር ሲሸታት ምራቋ የሚሞላ፣ ከሰል ወይም ገል የምታኝክ ስትገኝ ግን ነገሩ ከአምሮት ያልፋል። ይህ ጠባይ ከብረት እጥረት ጋር አብሮ መታየቱ በሕክምና የታወቀ ነው። ብረቱ ሲተካላት ብዙውን ጊዜ አምሮቱ ይጠፋል። አፈሩ በራሱም ጉዳት አለው፤ የትል እንቁላል ያመጣል፣ ምግብ ውስጥ ያለውን ብረትም አንጀት እንዳይወስደው ያደርጋል። ሴቶቹ ስለሚያፍሩ ለነርስ አይነግሩም፤ የሚያየው የቤት ሰው ነው። እባካችሁ አትሳቁባት፣ አትቆጧትም። ይዛችኋት ሂዱ፤ ለብቻዋ ለነርሷ እንድትነግር ጊዜ ስጧት።

ሌሎቹ ምልክቶች ከእርግዝናው ጋር ይመሳሰላሉ፦ ድካም፣ ራስ ማዞር፣ የልብ ምት መፍጠን፣ ብርድ ብርድ ማለት፣ የጥፍር መሰባበር፣ የፀጉር መርገፍ። በእነዚህ ብቻ መለየት ስለማይቻል ነው ጣት የሚወጋው።

«ጤፍ እየበላች ብረት ያጥራታል?»

ይህ ጥያቄ ሁሌም ይመጣብኛል፤ ትክክለኛ ጥያቄም ነው። ጤፍ፣ በተለይ ቀዩ፣ ብረት አለው። ነገር ግን በሠንጠረዥ ላይ የምናየው ትልቅ ቁጥር ከፊሉ በሬ አውድማ ላይ ሲያበራየው አብሮት ከገባው አፈር የመጣ ነው፤ የአፈር ብረት ደግሞ አንጀት ብዙም አይቀበለውም። ቀሪውንም ቢሆን እህሉ ውስጥ ያለው ፋይቴት የሚባል ነገር ይዞ ያስቀረዋል። እዚህ ላይ የእናቶቻችን ብልሃት ይረዳናል፤ ሊጥ በእርሾ ሁለትና ሦስት ቀን ሲቦካ ያ የሚይዘው ነገር ይቀንሳል። በደንብ የቦካ እንጀራ ከአፍለኛው ይሻላል።

ከሥጋ የሚገኘው ብረት በቀላሉ ይወሰዳል። ከምስር፣ ከሽሮ፣ ከጎመን የሚገኘው አጋዥ ይፈልጋል፤ አጋዡ ቫይታሚን ሲ ነው። ጎመኑ ላይ ሎሚ ጨመቅ ማድረግ፣ ከምስሩ ጋር ስንግ ቃሪያ ወይም የቲማቲም ሰላጣ፣ ከምግብ በኋላ ብርቱካን ወይም ዘይቱን። በውድ የሚገዛ ነገር የለበትም።

ጠላቱ ደግሞ ቡና ነው፤ ሻይም እንዲሁ። አውቃለሁ፣ ከምሳ በኋላ አቦል ሳይቀዳ ቤት ቤት አይመስልም። ግን ቡናና ሻይ ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው ሲጠጡ ከእህልና ከአትክልት የሚገኘውን ብረት በእጅጉ ይቀንሱታል። ልጃችሁ ነፍሰ ጡር ከሆነች ቡናውን ከምሳ አንድና ሁለት ሰዓት አርቁላት፣ ስኒውንም አሳንሱት። ይህን ደግሞ እሷ ልትወስነው አትችልም፤ አማቷ ቀድታ ስትሰጣት «አልጠጣም» ማለት የሚከብዳት ብዙ ናት። ቡናውን የምታፈላው ሴት ናት ነገሩን የምትወስነው።

ስለ ሥጋ ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ደም ይሆናታል ተብሎ ጥሬ ሥጋ፣ ለብለብ ክትፎና ዱለት የሚሰጧት አሉ። በጥሬ ሥጋ የሚተላለፍ ቶክሶፕላዝማ የሚባል ተዋሲ ፅንሱን ሊጎዳ ይችላል፤ ይብሰልላት። ጉበትም በብረት የበለጸገ ቢሆንም በእርግዝና መጀመሪያ በብዛት አይመከርም፤ በውስጡ ያለው ቫይታሚን ኤ ከልክ ሲያልፍ ለፅንስ አይስማማም። በፆም ወራት ለሚጨነቁ፣ የንስሐ አባትን አስቀድሞ ማማከር የቤተሰብ ሥራ ነው፤ በእስልምናም ለነፍሰ ጡር ረመዳንን በሌላ ጊዜ የማውጣት ፈቃድ አለ። መፆሟ ካልቀረ ግን ደሟ ይበልጥ በቅርብ መታየት አለበት።

ክኒኑ

ለነፍሰ ጡር የሚሰጠው ክኒን ብረትና ፎሊክ አሲድ አብሮ የያዘ ነው፤ ብዙውን ጊዜ 60 ሚሊ ግራም ብረትና 0.4 ሚሊ ግራም ፎሊክ አሲድ። ደም ያነሳት ሴት ሄሞግሎቢኗ እስኪስተካከል የብረቱ መጠን በእጥፍ ይጨመርላታል፤ ይህን የሚወስነው ባለሙያ ነው። ፎሊክ አሲዱ የልጁን አንጎልና የጀርባ ነርቭ ከሚያጋጥም የአፈጣጠር ጉድለት ይከላከላል፤ ያ ክፍል የሚዘጋው ከተፀነሰ በመጀመሪያው ወር ስለሆነ ለእሱ እንዲያውም ሳይፀነስ መጀመር ነው ጥሩው። በአምስተኛ ወሯ የምትመጣ እናት ይህን አልፋዋለች።

በ2008ቱ ጥናት የብረት ክኒን የወሰዱት እናቶች 42 ከመቶ ነበሩ፤ ዘጠና ቀንና ከዚያ በላይ የወሰዱት ግን 5 ከመቶ ብቻ። ተቀብለው ቤት ያስቀምጡታል ማለት ነው። ለምን? አንደኛው «ልጁን አገዝፎ ምጥ ያከብድብኛል» የሚለው ወሬ ነው። ክኒኑ ልጅ አያገዝፍም፤ ያለ ልኩ አንሶ እንዳይወለድ ነው የሚረዳው። ሁለተኛው ሰገራ ሲጠቁር መደንገጥ ነው፤ ጉዳት የለውም፣ ያልተወሰደው ብረት ነው። ሦስተኛው ማቅለሽለሽና ድርቀት ነው፤ ይህ እውነተኛ ችግር ስለሆነ አላቃልለውም። ማታ ከመተኛቷ በፊት፣ ጥቂት ነገር ቀምሳ፣ በውሃ ወይም በብርቱካን ጭማቂ ብትወስደው ይቀልላታል። በወተት፣ በሻይና በቡና አይወሰድም። የካልሲየም ክኒን ከታዘዘላትም በሌላ ሰዓት ይሁን። ካልቻለችው ተመልሳ ትናገር፤ ዓይነቱ ወይም አወሳሰዱ ይቀየርላታል።

አያቶች፣ ይህ በተለይ ለእናንተ ነው። የብረት ክኒን ለትንሽ ልጅ መርዝ ነው። ቀለሙ ደማቅ፣ ልባሱ ለስላሳ ስለሆነ ከረሜላ ይመስላል። ጥቂት ክኒን የዋጠ ሕፃን ሕይወቱ ሊያልፍ ይችላል። ከትራስ ሥር፣ ከመስኮት ደፍ፣ ከቦርሳ ውስጥ አንሡት፤ እጁ የማይደርስበት ቦታ ይቆለፍ። ዋጠ ተብሎ ከተጠረጠረ ደህና ቢመስልም ወዲያው ሆስፒታል ነው፤ ወተት አጠጥቶ መጠበቅ የለም።

ደም ማነስ ሁሉ ደግሞ የብረት አይደለም። በቆላ ወባ ደም ያሳንሳል። ባዶ እግር በሚኬድበት ማሳ መንጠቆ ትል አንጀት ላይ ተጣብቆ ደም ይመጣል። የፎሌትና የቢ12 እጥረትም አለ። ክኒን ወስዳ በአንድ ወር ውስጥ ቁጥሩ ንቅንቅ ካላለ ሌላ ምክንያት ይፈለግ። የትል መድኃኒት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት አይሰጥም፤ በደም ሥር የሚሰጥ ብረትም እንዲሁ። ስለዚህ ከመድኃኒት ቤት «የደም መርፌ» ገዝቶ በሰፈር ማስወጋት የማይሆን ነገር ነው።

ልጆቻቸው ውጭ አገር ያሉ ወላጆች በስልክ የሚጠይቁኝም አለ። «ልጄ አሜሪካ ነፍሰ ጡር ናት፤ ሄሞግሎቢን ለኩላት፣ ፌሪቲን ግን አላዘዙላትም፤ እንዴት ነው?» ብለው ይገረማሉ። እዚያ በመጀመሪያው ክትትል ሙሉ የደም ቆጠራ የተለመደ ነው። ምልክት ለሌላት ነፍሰ ጡር ሁሉ የብረት እጥረትን መመርመር ይጠቅማል ወይ በሚለው ላይ ግን፣ የአሜሪካ የመከላከል ሕክምና ግብረ ኃይል እ.ኤ.አ. በ2024 ማስረጃው ለመወሰን አይበቃም ብሏል። አይመርመሩ አላለም፣ ይመርመሩም አላለም። ሐኪሟ ቸል ብሎ ላይሆን ይችላል ማለት ነው። ልጃችሁ ግን ለሐኪሟ ያልነገረችው ነገር ሊኖር ይችላል፦ ወር አበባዋ ብዙ እንደነበረ፣ ሁዳዴን እንደፆመች፣ በቀን ሦስቴ ቡና እንደምትጠጣ። ያንን እንድትናገር ንገሯት፤ ያኔ ሐኪሙ ፌሪቲኑን ለማዘዝ ምክንያት ያገኛል።

እዚህ አገር በመንግሥት ጤና ጣቢያ የእርግዝና ክትትልና ወሊድ ያለ ክፍያ ነው። አንዳንድ ጊዜ የላብራቶሪው ዕቃ አልቆ «ውጭ አሠሩ» ይባላል፤ ያን ቀን ጥቂት ገንዘብ በእጃችሁ ይኑር፤ ምርመራው እንዲሁ አይለፍ። ወር አበባዋ እንደቀረ፣ ከአሥራ ሁለተኛው ሳምንት በፊት ውሰዷት። የወጣውን ቁጥር በወረቀት ተቀበሉ፤ ቀኑንም ጻፉበት። በስድስተኛውና በሰባተኛው ወር መካከል ይደገም፤ በመጨረሻው ወርም እንዲሁ። ዓይን ለሚፈሩት፣ ነርስ የሰው ምስጢር የመጠበቅ ግዴታ አለባት፤ ካርዱ ላይ የተጻፈው ለጎረቤት አይነበብም።

ስትወልድም አዋላጇን አንድ ነገር ጠይቁ፦ እትብቱ ወዲያው ሳይቆረጥ ቢያንስ አንድ ደቂቃ እንዲቆይ። በዚያች ደቂቃ ከእንግዴ ልጁ ወደ ሕፃኑ የሚያልፈው ደም ለመጪዎቹ ወራት ስንቁ ነው፤ የእናት ወተት ብረቱ ጥቂት ስለሆነ እስከ ስድስት ወሩ የሚኖረው ባብዛኛው ይዞ በተወለደው ነው። እናቲቱም ገንፎውና አጥሚቱ ቀረበላት ተብሎ ክኒኑ አይቋረጥባት፤ ከወለደች በኋላ ከስድስት እስከ አሥራ ሁለት ሳምንት ይቀጥላል። ለዚያ የሚበቃ መያዟን ከጤና ጣቢያ ሳትወጡ ቁጠሩ።